የሰፈራችሁን ግድግዳ በሰፈራችሁ አፈር ቀቡት

ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ምትኖሩ ልጆች የአካባቢውን ባህል፣ ሴቶቹንና መሬቱን ሚያሳይ ስእል ግድግዳ ላይ መስራት ካሰባችሁ ቀለም ልትገዙ አትሩጡ፣ መጀመሪያ እዛው ተወልደው ያረጁ እናቶች ጋ ሂዱ። ቡና ሲፈላ ቁጭ ብላችሁ ስሙ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ ምን ይዘራ ነበር፣ ምንጩ የት ጋ ነበር፣ ቦታውስ ማን ይባል ነበር። ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን ስንል የታክሲ መዳረሻ ብቻ ይመስለናል፣ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ስም እኮ ነው! ስእሉ ከዚህ ጨዋታ ይውጣ፣ ምን እንደሚሳል ሚወስኑትም እናቶቹ ይሁኑ፣ ሰአሊው ይታዘዛቸው።

ሲንቄ ላይ ደሞ አደራ። ሲንቄ በኦሮሞ ባህል እናት ልጇን ስትድር ምትሰጣት በትር ናት፣ ሴቶች እሷን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መሀል ከገቡ አልፎ ሚማታ የለም፣ መብቷ የተነካ ሴት ካለችም ሲንቄያቸውን ይዘው ወጥተው ነው ሚሟገቱላት። ገዳ በ2009 ዓ.ም ዩኔስኮ ላይ ተመዝግቧል፣ ግን ስእል ላይ ብዙ ጊዜ ምናየው አባ ገዳውን ብቻ ነው፣ ይሄ ያናድደኛል። ሲንቄን ጥግ ላይ ለጌጥ አትለጥፏት፣ ማን ይያዛት፣ እንዴት ትያዝ፣ ጠይቁ።

ቀለሙን ከአፈር ስሩት፣ ቀይ አፈር፣ ነጭ አፈር፣ ለጥቁሩ ከሰል። ዋልካ አይሆንም፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ከሰው ማሳ ስትቆፍሩ አስፈቅዱ። አፈሩን አድርቃችሁ ውቀጡት፣ በወንፊት ንፉት፣ ባልዲ ውስጥ በውሃ በጥብጡትና አሸዋው እስኪዘቅጥ ትንሽ ጠብቃችሁ ከላይ ያለውን ድፍርስ ወደ ሌላ ባልዲ ገልብጡት፣ እሱ ሲረጋና ውሃው ሲቀነስ ታች ሚቀረው ልስልስ ያለው ነገር ነው ቀለማችሁ። የጭቃ ቤት ከሆነ እናቶቹ በእበት መለሰኑን ከናንተ በላይ ያውቁበታል፣ ሲሚንቶ ላይ ከሆነ ግን የአናጢ ነጭ ኮላ ካልገባበት ይራገፋል። ትንሽ ቦታ ቀብታችሁ ሲደርቅ በጣት እሹት፣ ጣት ላይ ከቀረ ኮላ ጨምሩ።

ክረምት ላይ አትሞክሩት፣ ከጥቅምት በኋላ ይሻላል፣ ግድግዳውም ጣሪያው ወጣ ብሎ ከዝናብ ሚከልለው ይሁን።

ብር ከተገኘ ደሞ ለሰአሊው ብቻ ተከፍሎ እናቶቹ ሻይ ጠጥተው እንዳይሸኙ፣ የዋሉበት ይከፈላቸው፣ ፈቃደኛ ከሆኑም ስማቸው ግድግዳው ላይ ከሰአሊው ስም በፊት ይጻፍ።