ጥጥ በማይክሮዌቭ ሳቀልም ቀለሙ እየለቀቀ ያስቸገረኝን እንዴት እንደፈታሁት

ውሃና ማገዶ ልቆጥብ ብዬ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በማይክሮዌቭ ማቅለም ጀመርኩ። ቀለሙ ፕሮሲዮን ኤምኤክስ የሚባል በዱቄት መልክ የሚመጣ የጥጥ ማቅለሚያ ነው። ከማይክሮዌቩ ሲወጣ ደማቅ ነበር፤ ሲለቀለቅ ግን ግማሹ ከውሃው ጋር ሄደ። የቀረውም ዥጉርጉር፣ ጠርዙ ደግሞ ደርቆ ቡናማ።

መጀመሪያ ደቂቃ ጨመርኩ፤ ጠርዙ ይባስ አረረ። ኮምጣጤ ሞከርኩ፤ ምንም። አሲድ የሚፈልገው የሱፍና የሐር ቀለም ነው፤ ይህን ቀለም ከጥጥ ጋር የሚያጣብቀው አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ትንሽ አሻሻለው፣ ግን ደካማ ስለሆነ በዚያች አጭር ጊዜ አልበቃም።

የሠራልኝ ይህ ነው። ጨርቁን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩት። በ1 ሊትር ውሃ 20 ግራም ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት፣ ከቤኪንግ ሶዳ የበረታ አልካሊ) በጥብጬ 15 ደቂቃ ዘፈዘፍኩት፤ ሁሉንም ቦታ እኩል ጨምቄ ቀለሙን አፈሰስኩበት። ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ከተትኩት፣ ክዳኑን ግን ግጥም አላደረግኩም፤ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። ከዚያ በዝቅተኛ ኃይል 30 ሰከንድ፣ ገልበጥ፣ እንደገና 30 ሰከንድ፣ በድምሩ 3 ደቂቃ። ማይክሮዌቭ በዋናነት የሚያሞቀው ውሃውን ነው፤ እርጥበቱ ካልተስተካከለ ሙቀቱም አይስተካከልም። ዥጉርጉሩ የመጣው ከዚህ ነበር፤ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ቀለሙን ስጠረጥር!

እንደተሸፈነ እስኪቀዘቅዝ ተውኩት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ፣ ቀጥሎ በጣም በሞቀ ውሃ አጠብኩት፤ ያልተጣበቀው ቀለም የሚለቀው በሙቁ ነው። በሦስተኛው እጥበት ውሃው ጠራ።

ዚፕ ወይም የብረት ቁልፍ ያለው ልብስ አታስገቡ። ምግብ የምታሞቁበትን ማይክሮዌቭም ለዚህ አትንኩት፤ የቀለሙን ዱቄት ስትበጠብጡ ደግሞ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።