ጣና ላይ ጀልባ የምትይዙ፣ ጠዋት ውጡ

ባሕር ዳር ለሽርሽር ለምትመጡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጀልባ የምትሳፈሩት ጠዋት ይሁን። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ከተነሳችሁ ጣና ብዙውን ጊዜ ጸጥ ብሎ ነው የሚጠብቃችሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሌላ ሐይቅ ይሆናል።

እኔ አንዴ ቡናው ይድገም እያልኩ አረፈድኩ። ከዘጌ ስንመለስ የተቀመጥኩት ፊት ላይ ነበር። ጀልባዋ ማዕበሉን በመታች ቁጥር ከወንበሬ እነሳለሁ። ወደቡ ጋ ስንደርስ ከነሸሚዜ ታጥቤያለሁ! ሞገድ ካለ ከኋላ፣ ወደ ሞተሩ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ጫጫታ አለው እንጂ መንገጫገጩ ይቀንሳል። የሕይወት አድን ጃኬቱንም ልበሱት እንጂ ትራስ አታድርጉት።

ሳትሳፈሩ ከባለጀልባው ጋር ዋጋ ቁረጡ። ሂሳቡ በሰው ነው ወይስ ለጀልባው? ስንት ቦታ ያደርሳል? እስከ ስንት ሰዓት ይጠብቃል? የገዳማቱ መግቢያ ለብቻ ስለሆነ ዝርዝር ብር ያዙ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴትም ወንድም ይገባል፤ ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲያችሁን አስቡበት።

ስትመለሱ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ዞር እንዲያደርጋችሁ ጠይቁት። ደንገሉ ዳር ሞተሩን ቀነስ ሲያደርግ ውሃው ላይ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ብቅ ሊሉ ይችላሉ። ጉማሬ ነው። «ትንሽ ጠጋ በልልን፣ ፎቶ እናንሳ» እንዳትሉት።