«ከሆነ»፣ «ብቻ» እና «በስተቀር» ያሉባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ወደ ሎጂክ ምልክት መቀየር

በሎጂክ ፈተና ብዙ ተፈታኞችን የሚጥለው የምልክቶቹ ሕግ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን ወደ ምልክት የሚቀይሩበት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ቀስቱ አንድ ጊዜ በተሳሳተ አቅጣጫ ከተሰመረ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ወደ ትክክለኛው መልስ አያደርስም።

«ሀ → ለ» የሚለው አጻጻፍ ትርጉሙ ሀ እውነት ሆኖ ለ ሐሰት የሚሆንበት አጋጣሚ የለም ማለት ነው። በግራ ያለው በቂ ሁኔታ፣ በቀኝ ያለው አስፈላጊ ሁኔታ ይባላል። ቀስቱ የጊዜን ቅደም ተከተልም ሆነ መንስኤንና ውጤትን አያመለክትም፤ ስለዚህ «የትኛው ይቀድማል?» ከማለት ይልቅ «የትኛውን ካወቅሁ ስለ ሌላው እርግጠኛ መሆን እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

«ከዘነበ ጨዋታው ይቋረጣል» እና «በዘነበ ቁጥር ጨዋታው ይቋረጣል» የሚሉት ብዙ አያስቸግሩም፤ ሁለቱም «ዘነበ → ተቋረጠ» ናቸው። ችግሩ የሚመጣው «ብቻ» ሲገባ ነው። «መታወቂያ ከያዘ ይገባል» የሚለው «ያዘ → ገባ» ሲሆን፣ «መታወቂያ ከያዘ ብቻ ይገባል» የሚለው ግን «ገባ → ያዘ» ነው። አንዲት ቃል ቀስቱን ሙሉ በሙሉ አዞረችው ማለት ነው። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር መሠረት፣ ገብቶ ያገኘነው ሰው መታወቂያ እንደያዘ እናውቃለን፤ መታወቂያ የያዘ ሁሉ ይገባል የሚል ቃል ግን አልተሰጠንም፤ በሌላ ምክንያት ሊከለከል ይችላል። በዕለት ተዕለት ንግግር ሰሚው ይህን ተስፋ ራሱ ይጨምርበታል፤ ፈተና አውጪዎችም የሚያጠምዱት እዚሁ ላይ ነው። «መታወቂያ ሳይዝ አይገባም»፣ «የሚገባው መታወቂያ የያዘ ብቻ ነው»፣ «መታወቂያ ካልያዘ በስተቀር አይገባም» የሚሉት ሁሉ መልካቸው ቢለያይም ያው «ገባ → ያዘ» ናቸው።

«በስተቀር» ከአዎንታዊ ግስ ጋር ሲመጣ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ከዘነበ በስተቀር ጨዋታው ይካሄዳል» የሚለው «¬ዘነበ → ተካሄደ» ተብሎ ይጻፋል፤ «¬» የማፍረሻ ምልክት ሲሆን «አይደለም» ማለት ነው። ቢዘንብ ጨዋታው ይቅር አይቅር፣ በጥብቅ ሲነበብ አልተነገረም። «ቢዘንብም ጨዋታው ይካሄዳል» የሚለው ደግሞ ቀስት አያስፈልገውም፤ «ተካሄደ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው።

ቀስቱ ከተሰመረ በኋላ ወዲያውኑ ኮንትራፖዚቲቩን አጠገቡ ይጻፉ፤ ማለትም ጎኖቹን አቀያይረው ሁለቱንም በ«¬» ያፍርሱ። «ሀ → ለ» ከሆነ «¬ለ → ¬ሀ» ይሆናል። ማቀያየር ብቻውን ወይም ማፍረስ ብቻውን ግን ስሕተት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ዋሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረበው የአራት ካርዶች ፈተና (የ«ሀ → ለ» ዓይነት ደንብ እውነት መሆኑን ለማጣራት የትኞቹ ካርዶች መገልበጥ እንዳለባቸው ይጠይቃል) ብዙ ሰዎች ሳይገለብጡ የሚያልፉት «¬ለ»ን የያዘውን ካርድ ነው፤ ይህ እርምጃ በልምድ እንጂ በራሱ እንደማይመጣ ያሳያል። አንዱ ጎን ጥምር ከሆነ የዲ ሞርጋን ሕግ ይታከልበታል፤ ይኸውም ጥምር ሲፈርስ እያንዳንዱ ክፍል ይፈርሳል፣ «እና»ና «ወይም»ም ይቀያየራሉ፤ «ተመዘገበ → (ቅጽ ∧ ፎቶ)» ሲገለበጥ «(¬ቅጽ ∨ ¬ፎቶ) → ¬ተመዘገበ» ይሆናል፤ «እና» (∧) ወደ «ወይም» (∨) መቀየሩን ልብ ይሏል።

አሁን ይህን እንመልከት፦ «ኃላፊው ካልፈረመበት በስተቀር ሪፖርቱ አይታተምም፤ ያልታተመ ሪፖርትም ለዳኞች አይቀርብም።» ፊደል ሲመርጡ ሁልጊዜ ለአዎንታዊው ይስጡ፦ ፈ ለ«ተፈረመ»፣ ታ ለ«ታተመ»፣ ቀ ለ«ቀረበ»። የመጀመሪያው ሐረግ «ታ → ፈ»፣ ሁለተኛው «¬ታ → ¬ቀ» ነው። ሁለተኛውን ስንገለብጠው «ቀ → ታ» ስለሚሆን ሰንሰለቱ «ቀ → ታ → ፈ» ብሎ ይገጥማል። «ለዳኞች ስለቀረበ ተፈርሞበታል» የሚለው ምርጫ ከሰንሰለቱ ይወጣል። «ስላልተፈረመበት ለዳኞች አይቀርብም» የሚለውም እንዲሁ። «ስለተፈረመበት ይታተማል» የሚለው ግን ቀስቱን ወደ ኋላ የሚሄድ በመሆኑ፣ ምንም ያህል አሳማኝ ቢመስል ይሰረዛል።