ጅማ ላይ ሐኪም ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐኪም የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ነውና ጅማ ውስጥ ሐኪም አይጠፋም። ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ የክሊኒክ ታፔላ ሞልቷል። ግራ የሚያጋባው የቱ ጋ፣ ማን ጋ፣ በስንት ሰዓት የሚለው ነው።

ለጉንፋንም ቀጥታ ሜዲካል ሴንተር መሄድ

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በ1930 ዓ.ም. በጣሊያን ዘመን የተመሠረተ፣ ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ከቦንጋም ከዳውሮም ሪፈር የተጻፈለት ሰው እዚያ ወረፋ ይዟል። መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ጠቅላላ ሆስፒታል ይልካል፤ እኛ ጋ ሸነን ጊቤ አለ። የማኅበረሰብ ጤና መድህን ካለዎት ያለ ሪፈር ሲሄዱ ከኪስ መክፈል ሊመጣ ይችላል። ደም እየፈሰሰ ወይም ትንፋሽ እያጠረ ግን ሪፈር አይጠበቅም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ማለት

ነርሱንም ጤና መኮንኑንም «ዶክተር» እንላለን። አክብሮት ነው፣ ክፋት የለውም። ማን እንዳየን ማወቁ ግን ይጠቅማል። ጤና ጣቢያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያየን ጤና መኮንን ነው፤ ለአብዛኛው ሕመም ይበቃል። ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ መጀመሪያ የሚያገኙት ኢንተርን ወይም ሬዚደንት ሊሆን ይችላል። ኢንተርን ትምህርቱን ሊጨርስ የደረሰ የሕክምና ተማሪ ነው፤ ሬዚደንት ሐኪም ሆኖ ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለ። ከበላያቸው ሲኒየር፣ ማለትም ስፔሻሊስት የሆነው ሐኪም አለ። «ሲኒየር አይቶታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ታፔላው ላይ የተጻፈ ሐኪም ሁሌም አለ ብሎ ማሰብ

ብዙ ሰው ገንዘቡንም ቀኑንም የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ስፔሻሊቲ ክሊኒክ ሲባል ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ሐኪሞች በየተራ የሚሠሩበት ቤት ነው። የውስጥ ደዌው፣ የሕፃናቱ፣ የማሕፀንና ጽንሱ ሐኪም አንድ ካርድ ክፍልና አንድ ላብራቶሪ ይጋራሉ። ብዙዎቹ ቀን ቀን የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኞች ናቸው። ወደ ክሊኒኩ ብቅ የሚሉት ከሥራ ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜና እሑድ ነው። ከሰቃ ወይም ከዴዶ ማልዶ የተነሣ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደርሶ የሚፈልገውን ስፔሻሊስት ቢያጣ ምን ይገርማል?

ስለዚህ አስቀድመው ይደውሉ። ዛሬ ማን አለ? በስንት ሰዓት ይገባል? ካርዱ ለስንት ቀን ያገለግላል? ይቺን የመጨረሻዋን ሁሉም ይረሳታል። ውጤት ይዘው ሲመለሱ ቀኑ ካለፈ እንደገና ካርድ ያስወጡዎታል።

ሌላም አለ። ካርድዎ የክሊኒኩ እንጂ የሐኪሙ አይደለም። ሐኪሙ ሌላ ክሊኒክ ከገባ ታሪክዎ አብሮት አይሄድም። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ከመጀመሪያው ቀን «በቀጠሮዬ የሚያዩኝ እርስዎ ነዎት?» ብሎ ይጠይቅ።

ወረቀት መጣል

የላብራቶሪ ውጤት፣ የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ የራጅ ፊልም፣ ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠ ማጠቃለያ፣ ሁሉም አንድ ፌስታል ውስጥ ይቀመጥ። አዲሱ ሐኪም የሚያየው ይዘውለት የሄዱትን ነው። ባዶ እጅዎን ከሄዱ ትናንት የከፈሉበት ምርመራ ዛሬ እንደገና ሊታዘዝ ይችላል። መድኃኒቱንም ከነካርቶኑ ይያዙ። «ነጭ ክኒን፣ ክብ» ብሎ ነገር ለሐኪም ምንም አይነግረውም።

«እጁ ጥሩ ነው» ስለተባለ ብቻ መሄድ

ቡና ላይ የሰሙት ስም ለመነሻ አይከፋም። ግን የጎረቤትን ጨጓራ ያዳነ ሰው ለልጅ ትኩሳት ላይሆን ይችላል። «የምን ሐኪም ነው?» ይበሉ። የክሊኒኩን ፈቃድም ግድግዳው ላይ ይፈልጉት።

አዛውንት ብቻቸውን መላክ

ሐኪሙ ከሌላ አካባቢ መጥቶ አፋን ኦሮሞ ላይችል ይችላል። የእማማ አማርኛ ደግሞ ለገበያ እንጂ ለሆድ ቁርጠት አይበቃ ይሆናል። ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ዘመድ አብሮ ይግባ። ግን ያስተርጉም እንጂ እሱ አይመልስላቸው፤ የሚያማቸው እሳቸውን ነው። መድኃኒቱ በቀን ስንቴ እንደሚወሰድ ግን እሱ ይጻፍ።