ድሬ ላይ ሶሉሽን ለምታዘጋጁ

የድሬዳዋ ፍሬሽ ተማሪዎች፣ ላቦራቶሪ ከመግባታችሁ በፊት ይቺን ያዙልኝ። 0.1 ሞላር (በአንድ ሊትር 0.1 ሞል) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አዘጋጁ ስትባሉ፣ 4 ግራም መዝናችሁ 1 ሊትር ውሃ አትገልብጡበት። መጀመሪያ በትንሽ ውሃ ቢከር ውስጥ አሟሙት። ቢከሩ ይሞቃል፤ እስኪበርድ ጠብቁ። በድሬ ሙቀት ትንሽ ያስጠብቃል፣ ምን ይደረግ! የምትሞሉበት መለኪያ ፍላስክ ላይ የተጻፈው 20 ዲግሪ ለጌጥ አይደለም፤ መስመሩ ልክ የሚሆነው በዚያ ሙቀት ነው። ከዚያ ወደ 1 ሊትሩ ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ ገልብጡት፣ ቢከሩን ያለቀለቃችሁበትንም ጨምሩና እስከ መስመሩ ሙሉት።

የቧንቧ ውሃ ግን በፍጹም! ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የተጣራ፣ ዲስቲልድ ውሃ ይሁን።

ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር ላይ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል። ስለዚህ 0.1 ያላችሁት ግምት ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር በኬኤችፒ (ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት፣ መጠኑ በትክክል በሚመዘን አሲድ) ታይትሬት አድርጋችሁ አውጡ። ጓንትና መነጽር እንዳትረሱ።