ጀማሪ ፕሮግራመሮች እርዳታ ሲጠይቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ሲጀመር፣ ያለ ክፍያ ፕሮግራሚንግ ለመማር ለሚፈልግ ሰው አንድ ተጨማሪ በር ተከፈተ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ኮዱ አልሄድ ሲል ግን አጠገብ ቁጭ ብሎ «እስቲ አሳየኝ» የሚል አስተማሪ ከኮርሱ ጋር አብሮ አይመጣም። ጀማሪው ያን ጊዜ የሚሮጠው ወደ ቴሌግራም ቡድኖች፣ ስታክ ኦቨርፍሎው ወደሚባለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ወይም ወደ ሬዲት የውይይት መድረክ ነው።

እዚያም ብዙ ጊዜ መልስ ያጣል። ቅሬታው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «የሚያውቁት ይንቁናል»፣ «እውቀታቸውን ይደብቃሉ»። እንዲህ ያለ ሰው የለም አልልም። የአብዛኛው ዝምታ ምክንያት ግን ንቀት ሳይሆን ጥያቄው ለመልስ የማይመች ሆኖ መቅረቡ ነው። መላሹ የእናንተን ኮምፒውተር አያይም፤ ምን እንደሞከራችሁ አያውቅም፤ የሚያነበውም በሥራው መካከል ባገኛት ትርፍ ደቂቃ ነው።

ሰላምታ ልኮ መጠበቅ

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ፓይተን የሚችል ሰው አለ?»

ከዚህ በኋላ ጸጥታ። በእኛ ባህል ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነውና ሰላምታው ይቅር አልልም። ሰላምታውና ጥያቄው ግን በአንድ መልእክት ይሁኑ። «የሚችል አለ?» ለሚለው ጥያቄ «አለሁ» ብሎ የሚመልስ ሰው፣ መጠኑን ያላወቀውን ሸክም አስቀድሞ መቀበሉ ነው። ከዚያም በላይ በሰው ፊት ራሱን ባለሙያ ነኝ ብሎ ማወጅ አለበት፤ በደንብ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ይህን ለማለት አብዛኛውን ጊዜ ያፍራል። ጥያቄውን ቢያይ ኖሮ በሁለት መስመር ይመልስ ነበር።

ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ሰላምታም ሆነ «በቅድሚያ አመሰግናለሁ» አያስፈልግም፤ ብትጽፉትም ሌሎች ተጠቃሚዎች አርመው ያወጡታል። ባለጌዎች ስለሆኑ አይደለም። ድረ ገጹ ከተመሠረተበት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓላማው ጭውውት ሳይሆን ሌላ ሰው ከዓመታት በኋላ ፈልጎ የሚያነበው የጥያቄና መልስ ክምችት መሆን ነው።

የኮምፒውተሩን ስክሪን በስልክ ፎቶ ማንሳት

ለምን እንደሚደረግ ይገባኛል። የኢንተርኔት ጥቅሉ ያለው ስልኩ ላይ ነው፤ ኮዱ ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው። ስለዚህ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቀጭ! ፎቶው ዘንበል ብሏል፣ አምፖሉ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፣ ዋናው መስመር በጠያቂው ጥላ ተሸፍኗል። ፎቶው ጥርት ቢል እንኳ መላሹ ኮዱን ገልብጦ በራሱ ኮምፒውተር ሊሞክረው አይችልም። እያንዳንዱን ፊደል እንደገና ይጻፍልኝ ብሎ መጠበቅ ደግሞ የማይሆን ነገር ነው።

የስልኩን ሆትስፖት ለሁለት ደቂቃ ከፍቶ በላፕቶፑ ቴሌግራም ኮዱን በጽሑፍ መላክ ይቻላል። እዚህ ላይ ጀማሪዎች የማያውቁት አንድ ወጥመድ አለ። ኮድ እንዲሁ ሲለጠፍ ቴሌግራም አንዳንድ ምልክቶችን ለራሱ ይወስዳል። ለምሳሌ በፓይተን ክላስ ስትጽፉ «ኢኒት» ከሚለው ቃል በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት የግርጌ ሰረዝ አለ። ቴሌግራም እነዚህን ሰረዞች «ይህን ቃል አጋድለህ ጻፈው» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ያያቸውና ይውጣቸዋል። መላሹ «ሰረዞቹን ረስተሃል» ይላል፤ ጠያቂው «አልረሳሁም» ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ክርክሩም ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። መፍትሔው ከኮዱ በፊትና በኋላ ሦስት ሦስት ጊዜ ያቺን ወደ ግራ ያጋደለች ትንሽ ጭረት ማድረግ ነው። በአብዛኛው የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ከኢስኬፕ ቁልፍ በታች ትገኛለች። ያኔ ኮዱ ምልክቶቹና በመስመሮቹ መጀመሪያ ያሉት ክፍተቶች ሳይነኩ እንደተጻፈ ይደርሳል። በፓይተን ክፍተት ማለት ትርጉም ማለት ስለሆነ ይህ ጉዳይ የውበት ጉዳይ አይደለም።

«አይሠራም» ብሎ ማቆም

እንዴት ነው የማይሠራው? ሁለት ነገር ጻፉ፦ ምን ጠብቃችሁ ነበር፣ ምን አገኛችሁ። «ሁለት ቁጥር ተቀብሎ የሚደምር ፕሮግራም ጻፍኩ፤ 5 እና 7 ሳስገባ 12 ይሆናል ስል 57 አለኝ» የሚል ጥያቄ ያየ ሰው ኮዱን ሳይከፍት እንኳ ችግሩን ያውቀዋል። ፓይተን ከተጠቃሚው የተቀበለውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ወደ ቁጥር ካልተቀየረ ከመደመር ይልቅ ጎን ለጎን ይቀጥለዋል።

የስህተት መልእክቱን በራስ አባባል መተረክ

«ቀይ በቀይ ሆነብኝ»፣ «ስለ ፋይል የሆነ ነገር ይላል»። ኮምፒውተሩ የጻፈውን ሳትቀንሱ፣ ሳትተረጉሙ፣ ከእንግሊዝኛው እንደወረደ ገልብጡት። ርዝመቱም አያስደንግጣችሁ። በፓይተን የመጨረሻው መስመር የስህተቱን ዓይነት ይናገራል፤ ከእርሱ በላይ ያሉት ፕሮግራሙ እዚያ የደረሰበትን መንገድ ያሳያሉ። ከመካከላቸው የራሳችሁን ፋይል ስም የያዘውን መስመር ፈልጉ። የመጨረሻውን መስመር ብቻ ወስዶ ኢንተርኔት ላይ መፈለግም ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ጨርሶ ያስቀረዋል።

ግማሹን መሸሸግ፣ ወይም ሁሉን መዘርገፍ

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። አንዳንዱ ችግሩ እዚህ ጋ ነው ብሎ የገመታትን ሦስት መስመር ብቻ ይልካል፤ ስህተቱ ግን ባልላከው ክፍል ውስጥ ነው። ችግሩ የት እንዳለ በትክክል ቢያውቅማ ባልጠየቀ። ሌላው ደግሞ ሙሉ ፕሮጀክቱን ዚፕ አድርጎ «እባካችሁ እዩልኝ» ይላል፤ ያንን የሚከፍት የለም፤ ከማያውቁት ሰው የመጣ ዚፕ ፋይል ባይከፍቱም አይፈረድባቸውም።

የሚሻለው ስህተቱን አሁንም የሚያሳይ ትንሹን ኮድ ማዘጋጀት ነው። ፋይሉን ሌላ ቦታ ገልብጡና የማያስፈልገውን አንድ በአንድ ሰርዙ፤ በሰረዛችሁ ቁጥር አስኪዱት። ስህተቱ የጠፋ ጊዜ መጨረሻ የሰረዛችሁት ክፍል ተጠርጣሪው ነው። ይህን ሥራ በትዕግሥት የጨረሰ ሰው ከግማሽ በላይ በሆነ ጊዜ ጥያቄውን ሳይልክ ይቀራል ብል አላጋንንም።

ችግሩን ትቶ ያሰቡትን መፍትሔ መጠየቅ

ከሁሉም ይህኛው ነው የሰውን ጊዜ የሚበላው። አንድ ጀማሪ እንዲህ ብሎ ጠየቀ እንበል፦ «በጃቫስክሪፕት ዴት 13 ወር እንዲቀበል እንዴት አደርጋለሁ?» ከህንድ ወይም ከብራዚል የሚያነበው ሰው «ዓመት ያለው 12 ወር ነው፤ ምን ማለትህ ነው?» ይለዋል። ሌላው ይስቃል። ጠያቂው ይቀየማል።

ልጁ የሚሠራው ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሳይ ገጽ ነበር። ጳጉሜ 3 ቀን 2017ን ለማግኘት በወሩ ቦታ 13 አስገባ። ዴት የሚባለው የጃቫስክሪፕት ቀን መያዣ ወሮችን የሚቆጥረው ከዜሮ ጀምሮ ነው፤ የተረፈውንም ወር ሳያጉረመርም ወደሚቀጥለው ዓመት ያሻግረዋል። ስለዚህ አንዳችም ስህተት ሳያሳይ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2018 አለው። ልጁም «እንግዲህ 13 ወር እንዲቀበል ማድረግ አለብኝ» ብሎ ደመደመና ያንን ይዞ ወጣ።

መጀመሪያውኑ «ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት እፈልጋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር 12ቱ ወሮች ሠላሳ ሠላሳ ቀን አላቸው፤ 13ኛው 5 ወይም 6 ቀን ነው» ቢል ኖሮ፣ የሚያውቅ ሰው የዘመናዊ ብራውዘሮችን አቅም ይጠቁመው ነበር። በጃቫስክሪፕት ውስጥ ኢንትል የሚባለው ክፍል የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ያውቃል፤ «ኢትዮፒክ» የሚለውን መቁጠሪያ መምረጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሦስት ቀን ያስለቀሰው ነገር የአንድ መስመር ሥራ ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ፕሮግራመሮች ይህን «የኤክስ ዋይ ችግር» ይሉታል። ኤክስን ለመፍታት ፈልጎ፣ ዋይ ይጠቅመኛል ብሎ አስቦ፣ ስለ ዋይ ብቻ መጠየቅ ማለት ነው። ስለዚህ የደረሳችሁበትን እርምጃ ጠይቁ፤ ከበላዩ ግን መጨረሻ ላይ ምን ለመሥራት እንዳሰባችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ።

በምን ኮምፒውተር፣ በየትኛው ስሪት እንደሆነ አለመናገር

አማርኛ የሚጽፍ ጀማሪ ይህን ከሌላው በበለጠ ልብ ሊለው ይገባል። በዊንዶውስ ላይ ፓይተንን ተጠቅማችሁ «አበበ» የሚለውን ስም ፋይል ውስጥ ለመጻፍ ሞክሩ። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ «ቻርማፕ» የሚባል ነገር ከቦታ 0 እስከ 2 ያሉትን ፊደላት መጻፍ አልቻለም የሚል ስህተት ይመጣል። ሦስቱ ፊደላት አ፣ በ እና በ ናቸው። ያንኑ ኮድ ሊኑክስ ለሚጠቀም መላሽ ላኩለት፤ እርሱ ጋ ያለ አንዳች እንከን ይሠራል። «እኔ ጋ ሠርቷል» ብሎ ያልፋችኋል፤ አልዋሸም።

ምክንያቱ ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ፋይል ሲከፍት፣ ሌላ ካልታዘዘ፣ የግዕዝ ፊደላትን የማያውቅ አሮጌ የአጻጻፍ ሥርዓት ሊጠቀም መቻሉ ነው። ፋይሉን ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉ፣ ማለትም የአጻጻፍ ሥርዓቱ፣ ዩቲኤፍ 8 ይሁን ብሎ መጻፍ ይበቃል። መላሹ ግን ይህን የሚገምተው ዊንዶውስ መሆኑን ከነገራችሁት ነው። ስሪቱም እንደዚሁ ነው። ፓይተን 2 ድጋፉ የተቋረጠው በ2020 እ.ኤ.አ. መባቻ ቢሆንም በእርሱ የተጻፉ ማስተማሪያዎች አሁንም በየቦታው አሉ፤ ከእነርሱ የተገለበጠ ኮድ በአዲሱ ስሪት ገና ከመጀመሪያው የህትመት (ፕሪንት) ትእዛዝ ይወድቃል።

የምሥጢር ቁልፍን ከኮዱ ጋር መለጠፍ

የብዙ ጀማሪዎቻችን የመጀመሪያ ሥራ የቴሌግራም ቦት ነው። ቦትፋዘር የተባለው የቴሌግራም ቦት መፍጠሪያ የሚሰጠው የምሥጢር ቁልፍ፣ ቶክኑ፣ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ፣ ኮዱ በሺህ የሚቆጠር ሰው ባለበት ቡድን ይለጠፋል። ቶክኑን ያየ ሁሉ ቦቱን እንደ ራሱ ሊያዝዘው ይችላል። መልእክቱን መሰረዝ ብቻ አያድንም፤ የገለበጠው ገልብጦታል። ወዲያው ወደ ቦትፋዘር ሄዳችሁ «ሪቮክ» በሚለው ትእዛዝ አሮጌውን ሻሩና አዲስ አውጡ። የዳታቤዝ የይለፍ ቃልም፣ የክፍያ ሥርዓት ቁልፍም ሕጉ ይኸው ነው።

የቤት ሥራን እንዳለ መወርወር

የጥያቄ ወረቀቱ ፎቶ፣ ከሥሩም «ነገ ጠዋት ይገባል፣ ፍጠኑልኝ»። ይህን የሚሠራላችሁ ሰው ቢገኝ ክፉ አድርጎባችኋል። የቤት ሥራ መሆኑን አትደብቁ፤ የሞከራችሁትን አሳዩና የተሰናከላችሁበትን ጠይቁ።

መጣደፍ

አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ኒው ዮርክ ላይ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። በአስር ደቂቃ ውስጥ መልስ ካልመጣ ያንኑ ጥያቄ በአምስት ቡድን መበተን አተርፍ ባይ አጉዳይ ያደርጋል። አንዱ ጋ የተፈታውን ሌላው ጋ ሰው ሲለፋበት ያመሻል፤ ይህን ያወቀ መላሽም ሁለተኛ አይመልስላችሁም። አንድ ጊዜ የረዳን ሰው ሳያስፈቅዱ በውስጥ መስመር ማሳደድም ያው ነው።

«ተደጋጋሚ» መባልን እንደ ስድብ መቁጠር

ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሲዘጋ ተናደው የማይመለሱ ብዙ ናቸው። ቦታው ለአዲስ ሰው እንደሚከብድ በ2018 እ.ኤ.አ. የድርጅቱ ኃላፊዎች ራሳቸው በጽሑፍ አምነዋል፤ ስለዚህ ቅሬታው መሠረት የለውም አይባልም። ሆኖም «ተደጋጋሚ» ተብሎ የተዘጋ ጥያቄ አናት ላይ የሚለጠፈው ማያያዣ ቀድሞ ወደተመለሰ ጥያቄ ይወስዳል። ከመናደድ በፊት እርሱን ክፈቱት።

ያላነበቡትን ኮድ ይዞ መምጣት

ቻትጂፒቲ ኖቬምበር 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ከወጣ በኋላ በቀናት ውስጥ ስታክ ኦቨርፍሎው በእርሱ የተጻፉ መልሶችን አገደ፤ ትክክል የሚመስሉ ግን የተሳሳቱ መልሶች እየበዙ ነበርና። ጠያቂውም ያንኑ ሲያደርግ ይታያል። ማሽን የጻፈለትን ሁለት መቶ መስመር የራሱ አስመስሎ ያቀርባል፤ «ይህ መስመር ምን ይሠራል?» ሲባል መልስ የለውም። ከየት እንዳመጣችሁት ተናገሩ። ኮዱ የሚጠራቸው ትእዛዞች በእርግጥ መኖራቸውንም በቋንቋው ይፋዊ ሰነድ ላይ አረጋግጡ፤ የሌለ ትእዛዝ ፈጥሮ መጻፍ የእነዚህ መሣሪያዎች የታወቀ አመል ነው።

«አገኘሁት፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መጥፋት

ከስድስት ወር በኋላ ያው ችግር የገጠመው ሰው ቡድኑ ውስጥ ፈልጎ የእናንተን ጥያቄ ያገኛል፤ ልቡ ይዘላል፤ ከሥሩ ግን ያለው «አገኘሁት» ብቻ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ መልሱን እንዳገኙ ጥያቄውን መሰረዝ ነው። ቴሌግራም ላይ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ላይ ምላሽ አድርጋችሁ ያስተካከለላችሁን መስመር ከነስሪቱ ጻፉ፦ «ፋይሉን ስከፍት ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 አልኩት፣ ተስተካከለ፤ ዊንዶውስ 10፣ ፓይተን 3.11»። ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ደግሞ ከሠራላችሁ መልስ አጠገብ ያለችውን የትክክል ምልክት ተጫኑ፤ አረንጓዴ ትሆናለች።