የኮርስ ንባቦችን ያለ ስጋት ለተማሪ ማድረስ

የማስተምረው ክፍል ንባቦች ከተለያዩ መጻሕፍት የተውጣጡ ነበሩ። ስካን አድርጎ ግሩፕ ላይ መልቀቅ ቀላል ነው። ግን የቅጂ መብት አለ፤ «ለትምህርት ነው» ማለት ብቻውን አያድንም።

ችግሩን የፈታው ፋይሉን ትቶ ሊንኩን ማጋራት ነው። ላይብረሪው ከሚከፍልባቸው ዳታቤዞች የጽሑፎቹን ሊንክ ወስጄ የኮርሱ ገጽ ላይ አስቀመጥኩ። ተማሪው በራሱ አካውንት ገብቶ ያነባል፤ የሚባዛ ኮፒ የለም። ከብራውዘሩ አናት የሚቀዳው አድራሻ ግን ብዙ ጊዜ ቶሎ ይሞታል (ይሄ በጣም ያናድዳል)። «ቋሚ ሊንክ» የሚለውን ፈልጉ።

ለመግቢያ ምዕራፎቹ ኦፕንስታክስ የሚባለው አሳታሚ ኦንላይን የሚያወጣቸውን ነፃ የመማሪያ መጻሕፍት ተጠቀምኩ። በክሪኤቲቭ ኮመንስ (ባለመብቱ ሥራውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ በሚፈቅድበት) ፈቃድ የወጡ ስለሆኑ ምንጩን ጠቅሶ ለተማሪ ማባዛት ይቻላል። ሌላ ቦታ ያገኛችሁት ጽሑፍ ፈቃዱ ላይ «ኤንዲ» (ND፣ «መቀየር አይቻልም» ማለት ነው) ካለ ግን አሻሽሎ ማጋራት አይፈቀድም።

አንድ ምዕራፍ ቀረ። እሱን የላይብረሪው ባለሙያ ከአሳታሚው አስፈቀደችልን።